ድፍድፍ ይዞ ቡሬ መግባት

የፋሲካ ጠዋት ነው፤ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሜ መኪና እጠብቃለሁ። ግቢው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ትናንት ሰው እርስ በርሱ ሲጋፋበት የዋለው ቦታ ላይ የዶሮ ላባና የሸንኮራ ልጣጭ ብቻ ቀርቷል። ከአጥሩ ወዲያ ካሉት ቤቶች የወጥ ሽታ ይመጣል። ሁሉም ሰው ደጁን ዘግቶ ይበላል። እኔም ትናንት መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን እዚሁ ፍኖተ ሰላም ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የበዓል ዋዜማ ከሁሉም የከፋ የሥራ ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ ተበላሽቶ ጥግ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ሁሉ ቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ ለባለቤቱ ትዝ ይለዋል። የመጨረሻውን ዲሽ አስተካክዬ ከጣሪያ ስወርድ የቡሬ መኪና አልቆ ነበር።

ከእኔ ራቅ ብሎ አንድ ጎረምሳ ሻንጣው ላይ ተቀምጧል። ከእግሩ ሥር ቢጫ ጀሪካን አለ። ክዳኑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ በላስቲክ አስሮ፣ ከላይ ደግሞ በፕላስተር ዞሮበታል። የጀሪካኑ ጎኖች ወደ ውጭ ተነፍተዋል። እኔ የማላውቀውን ሰው ማናገር የሚከብደኝ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነገር ግን ወደ እሱ ሄድሁ።

«ድፍድፍ ነው የያዝኸው?»

«አዎ፤ ለእናቴ ነው።»

«ክዳኑን አላላው።»

«ይፈሳላ!»

«ትንሽ ይፍሰስ፤ ሁሉም ከሚፈስ።»

ልጁ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ክዳኑን ግን አላላላውም። ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልሁት ላስረዳው ብል ወሬው ረጅም ነው። ለእናንተ ግን ላውራችሁ፤ መኪናውም ገና ነው።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደብረ ማርቆስ አንድ የሬዲዮና የሞባይል ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ትምህርት ያቆምሁት ከስምንተኛ ነው። ጥገናውን ማንም አላስተማረኝም፤ አባቴ ከገበያ ሲቆይ ሬዲዮውን እየፈታሁ፣ ሳይመጣ እየገጠምሁ ነው የለመድሁት። መጀመሪያ የገጠምሁት ጊዜ አንዲት ብሎን ተርፋኝ ነበር። ሬዲዮው ያለ እሷም ሠራ፤ እኔ ግን የዚያች ብሎን ነገር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ትንሽ ነገር ይዞ ብዙ ማሰብ ያን ጊዜም ነበረብኝ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አባቴ ሞተ። በእኛ ዘንድ ሰው የሞተበት ቤት በመጀመሪያው ፋሲካ ጠላ አይጠነስስም፤ አያርድም። በዓሉን ይዞ የሚመጣው ዘመድ ነው። ዘመድ ካልመጣ ያ ቤት ሁለት ጊዜ ሞተበት ማለት ነው። ፍኖተ ሰላም የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ እትዬ የሽ፣ «ጠላው የእኔ ነው» ብለው ጌሾውንም ብቅሉንም አዘጋጅተው ጠነሰሱ። የእኔ ድርሻ መሸከም ብቻ ነበር። ስቅለት ማታ ከማርቆስ መጥቼ እሳቸው ዘንድ አድሬ፣ ቅዳሜ በጠዋት ድፍድፉን ይዤ ቡሬ ልገባ፣ ከቡሬ በእግሬ ቤት ልደርስ። እዚያ ውኃ ይጨመርበታል፣ ያድራል፣ በማግሥቱ ጠላ ይሆናል። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ያለው መንገድ ደግሞ አጭር ነው፤ አንድ ወሬ ጀምረህ ሳትጨርሰው ትደርሳለህ። በአዘቦት ቀን ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የሽ ጀሪካኑን በር ላይ አስረከቡኝ።

«ይኸን ክዳን እንዳታጠብቀው። ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይተነፍሳል።»

«እሽ።»

«እሽ አትበለኝ፤ ስማኝ። መኪናው በቆመ ቁጥር ከፈት አድርገህ አስተንፍሰው።»

«እሽ እትዬ።»

ከዚያ የበሩን መቃን ይዘው መንገዱን ዘግተውብኝ ቆሙ። 

«እናትህ አክፍላለች» አሉኝ በመጨረሻ። «ሐሙስ ማታ ከቀመሰች ወዲህ ውኃም ባፏ አልዞረ። ትናንት ከስግደት ስትመለስ በጎረቤት ስልክ ደውላልኝ ነበር። ልጄ መጥቶ በጁ ካላጎረሰኝ አልፈስክም ብላለች። ዶሮ ቢጮህም፣ ቢነጋም።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእኛ ቤት ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ማንም በራሱ እጅ አይፈስክም ነበር። አባቴ እጁን ታጥቦ፣ እንጀራውን ባርኮ፣ መጀመሪያ እናቴን ያጎርሳል፤ ከዚያ የመጣውን እንግዳ፤ በመጨረሻ እኔን። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ዓይን ያስፈጥጣል። እንግዲህ ያ እጅ የለም።

«ጨጓራዋስ?» አልሁ።

«ለዚያ ነው የምነግርህ። መንገድ ላይ እንዳትዘገይባት።»

ያን ጊዜ እጄን አየሁት። ጣቶቼ ጫፍ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ሰው ሊያጎርስ የሚችል እጅ አልመስለኝ አለ።

መናኸሪያው በዚያ ቀን እንዴት እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚያዝያ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ አቧራው ከበግ ጠጉርና ከበርበሬ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ነው የሚያልፉት። አንድ ሚኒባስ ወደ ግቢው ሲታጠፍ ሰው ሁሉ በሩን እየያዘ አብሮት ይሮጣል። እኔ መሮጥ አልቻልሁም፤ ድፍድፍ የያዘ ሰው አይሮጥም። ሁለት እርምጃ ፈጠን ባልሁ ቁጥር ውስጡ ይናወጣል፣ ጎኑ ያብጣል። ጀሪካኑን አስቀምጥና ክዳኑን ላላ አደርገዋለሁ፤ «ጭስስ» ይላል። እኔም አብሬው እተነፍሳለሁ። ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግሜ ሳደርገው እንደነበር ይታወቀኛል፤ ግን በዚያ ቀን በእጄ የነበረ ሥራ እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ለመደወል ሞከርሁ። የጎረቤታችን ስልክ ኔትወርክ የሚያገኘው ሰው ይዞት ከሚካኤል ጀርባ ያለውን ጉብታ ከወጣ ብቻ ነው። በበዓል ዋዜማ ማን ጉብታ ይወጣል? ያቺ የቴሌ ሴትዮ አገልግሎት መስጠት አይቻልም ትለኛለች፤ እዘጋለሁ፤ እንደገና እደውላለሁ። መጨረሻ ላይ ስልኬም ደከመው።

«አንተ ልጅ፣ የታመመው ማነው? አንተ ነህ ጀሪካኑ?»

ቀና ስል ግንቡን ተደግፈው የተቀመጡ መሪጌታ ናቸው። ጋቢያቸው ነጭ ነው፤ ከጉልበታቸው ላይ አንድ እቅፍ ቄጤማ አለ። እሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ ቡሬ የሚሄድ መኪና ይጠብቁ ነበር።

«ምንም አልሆነ፣ መሪጌታ።»

«ምንም ያልሆነ ነገር በየደቂቃው አይከፈትም። ና እስቲ ወዲህ።»

ቀረብሁ። አንዲት ቄጤማ መዝዘው፣ ሳይጠይቁኝ ራሴ ላይ አሰሩልኝ። ቀዳም ስዑር የሰላም ምልክት ሆኖ የሚታሰር ነው፤ ያን ቀን ያላሰረ ሰው በግቢው ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ለጊዜው ራስህ ላይ ይቀመጥ» አሉኝ። «ሰላም ቀስ ብላ ናት ወደ ውስጥ የምትወርደው።»

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ካለች በኋላ አንድ ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ «ቡሬ! ቡሬ! የቀረ ሁለት ሰው!» ይላል፤ ውስጡ ግን የሰው ጉልበት ከሰው ጉልበት አይለይም። መሪጌታን ያየ ሰው ቦታ ለቀቀላቸው፤ እሳቸው ደግሞ እኔን በክንዴ ጎተቱኝ።

«ጀለስ፣ ይኸ ምንድን ነው?» አለ ረዳቱ።

«ድፍድፍ።»

«ክዳኑ ላልቷል እኮ። መኪናውን ልታሸተው ነው? ወይ ይጠበቅ ወይ ይቅር።»

ልነግረው ነበር። ይተነፍሳል፣ ብትዘጋው ይፈነዳል፣ በግፊት የሚሠራ ነገር ነው ልለው ቃሉ ሁሉ ተዘጋጅቶ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል። ዝም አልሁ። እሱ በሁለት እጁ ጠመዘዘው፤ በፌስታል ቋጠረው፤ ከመጨረሻው ወንበር ሥር አስገብቶ አንድ ኩንታል በርበሬ አስደገፈበት። እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ነኝ። በመካከላችን ያ ሁሉ ሕዝብ።

በጾም የደከመ ሰው መኪና ውስጥ ሲታጨቅ ቶሎ ይቆጣል። ከኋላዬ ዶሮ ያቀፉ ሴትዮ አጠገባቸው ካለው ወፍራም ሰውዬ ጋር ገና ከከተማው ሳንወጣ ተያያዙ።

«ክርንህን ከዶሮዬ ላይ አንሣ!»

«እሷ ናት እኔ ላይ የተቀመጠችው!»

«ለፋሲካ የገዛኋትን አንተ ልትገድላት ነው?»

«ማታ እርስዎ ሊገድሏት አይደለም እንዴ?»

ሌላው መስኮት ይከፈት ይላል፤ ሌላው አቧራ ገባ ይላል። ሾፌሩ «የጾመ ሁሉ ጻድቅ አይሆንም፤ ዝም በሉ» ብሎ ሙዚቃውን ከፍ አደረገው። በመስኮት ገና ያልተዘራበት ቀይ እርሻ ያልፋል፤ አንዳንዱ የመጀመሪያውን እርሻ ታርሷል፤ ገበሬው ግን የለም፤ በዓል ሊቀበል ቤቱ ገብቷል። ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቷል ብዬ አሰብሁ። እናቴ በር በሩን ስታይ ታየችኝ።

መንገዳችን ላይ ባለችው ማንኩሳ ከተማ መኪናው ሲቆም ወርጄ ወደ ኋላ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። መኪናው አልቆመም። «ወራጅ አለ» ማለት ይበቃ ነበር፤ ማለት ግን አቃተኝ። በሙዚቃው መሐል አንድ ድምፅ እሰማለሁ፤ ፕላስቲክ ሲወጠር የሚያሰማው ቀጭን ጩኸት። ሌላ ማንም አልሰማውም። በየጊዜው ወደ ኋላ እዞራለሁ።

«አሁንም ታመመ?» አሉኝ መሪጌታ በጆሮዬ።

«ክዳኑ ተጠብቋል፣ መሪጌታ። ሊፈነዳ ነው።»

«ታዲያ ለኔ ታንሾካሹካለህ? እኔ ክዳን ነኝ? ለረዳቱ ንገረው እንጂ!» ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «አንተ ረዳት! ስማ...»

ያኔ ፈነዳ።

ሾፌሩ ጎማ መስሎት መኪናውን ወደ ዳር አወጣውና ቆመ።  ድፍድፉ ከጣሪያው ላይ በወፍራሙ ይንጠባጠባል፤ የመሪጌታ ነጭ ጋቢ ጌሾ መስሏል፤ ሰው ሁሉ ፊቱ ላይ ያለውን ነገር በእጁ ነክቶ ያሸታል።

መጀመሪያ የጮኹት ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ናቸው። «ኧረ ጉዴ! ከንፈሬን ነካኝ! አክፍዬ ነበር እኮ፣ መሪጌታ! ሁለት ቀን ሙሉ ውኃ ሳልቀምስ፣ ጾሜ እዚህ መንገድ ላይ ፈረሰ?»

መሪጌታ ጢማቸው ላይ ያለውን አልጠረጉትም። እንደ ፍርድ ቤት ዳኛ ረጋ ብለው ጠየቁ። «ምላስዎን አወጡ?»

«ኧረ አላወጣሁም!»

«እንግዲያው ጾምዎ እንዳለ ነው። የላሰ እንጂ የተረጨ አልፈሰከም።»

ወፍራሙ ሰውዬ ከጎናቸው፣ «እኔ ግን ትንሽ ሳልልስ አልቀረሁም» አለ።

«አንተማ ድሮም አልጾምህም!» አሉት ሴትዮዋ። መኪናው በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ይኼኔ ዶሮዋ አንገቷን ዘርግታ ከመሪጌታ ጋቢ ላይ ብቅሉን ትለቅም ጀመር። ሾፌሩ ዞሮ አያትና፣ «ይኸው፣ እሷ ብቻ ፈሰከች!» አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሲነካከስ የዋለ ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መስኮቱም በዚያው ተከፈተ፤ ይከፈት አይከፈት ያለ የለም።

ያልሳቅነው ረዳቱና እኔ ነበርን።

«የማነው ይኸ ነገር?» አለ ረዳቱ፣ እጁን እያራገፈ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከዚያ በፊት በሰው ፊት ያን ያህል ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«የኔ ነው» አልሁ። «ለእናቴ ነበር። አባቴ ሞቶ የመጀመሪያ ፋሲካችን ነው። ቤቷ ጠላ የለም። አክፍላ ትጠብቀኛለች፤ ሳልደርስ አትፈስክም።»

ሳቁ ቆመ። ረዳቱ፣ አሁን ሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ «መጀመሪያ አትነግረኝም ነበር፣ ጀለስ?» አለኝ። «ፊት ለፊት እግሬ ሥር አስቀምጥልህ ነበር እኮ።»

ይኸን ነገር ስንት ዓመት አስቤዋለሁ። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው፤ እውነት ስለሆነ።

ከመንገዱ ሥር አንዲት ምንጭ ነበረች። ሾፌሩ በባልዲ ውኃ ቀዳ፤ ሰው ተራ በተራ ፊቱን ታጠበ፤ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጥበው ቁጥቋጦ ላይ አሰጡ። ወፍራሙ ሰውዬ ዶሮዋን ያዘላቸው፤ ዶሮዋ ሰክራ ክንዱ ላይ ራሷን ጥላለች። ረዳቱ ጀሪካኑን ከወንበሩ ሥር አወጣው። ጎኑ ላይ ከላይ እስከ መካከል ተሰንጥቋል፤ ከሥሩ ግን ትንሽ ወፍራም ነገር ቀርቷል። ስንጥቁን በፌስታል ቋጥሮ፣ ተጠንቅቆ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይኸ ተርፏል» አለኝ። ጀሪካኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ቀሪውን መንገድ ሄድሁ።

መታጠቡ ጊዜ ወሰደብን። ቡሬ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ በሰሜን በኩል የሚያዝያ ዝናብ ሰማዩን አጥቁሮታል። ጥቂት ሳንቆይ ዘነበ፤ እንዴት ያለ ዝናብ! በእኛ መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ድልድይ የለውም፤ እንዲህ ሲዘንብ ሰው አያሻግርም። ቡሬ ዳር ላይ ቆሜ ወደ ቤታችን አቅጣጫ አያለሁ፤ የሚታየኝ ግን ውኃ ብቻ ነው።

መሪጌታ ከኋላዬ መጡ። «ውኃ ጾም አያውቅም፣ በዓል አያውቅም፤ አትከራከረው» አሉኝ። «የወንድሜ ቤት እዚህ ነው። ሲነጋ ትሄዳለህ።»

«እናቴ ትጠብቀኛለች እኮ።»

«አንተን ወንዝ ከወሰደህ ደግሞ እስከ መቼ ትጠብቅህ?»

ተከተልኋቸው። ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ስንመለስ የወንድማቸው ባለቤት ማዕድ አቀረቡ። ዶሮው ፊቴ መጣ። የወጡ እንፋሎት ፊቴን መታኝ፤ አፌ ውኃ ሞላ። እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ሴትዮዋ ቅር ሊላቸው ሲል መሪጌታ አንድ ቃል በጆሯቸው ተናገሩ። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ተነሡ፤ እንጀራ አጥፈው፣ ወጥና እንቁላል በሳህን አድርገው፣ በጨርቅ ቋጥረው በሩ አጠገብ አስቀመጡልኝ። እስከ ዛሬ ስማቸውን አላውቅም። ለእኛ ቤት በዓል ይዞ የመጣው ዘመድ እሳቸው ሆኑ ማለት ነው።

ሲነጋ ወጣሁ። ወንዙ ቀንሶ ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነበር። መሬቱ ታጥቧል፤ የታረሰው አፈር ጥቁርና ቀይ ሆኖ ያበራል። ከየቤቱ ጢስ ይወጣል። ያለፍሁበት ደጅ ሁሉ ሰው ይጠራኛል፤ «እንኳን አደረሰህ! ግባ እንጂ፣ ቅመስ!» ይላል። በእኛ አገር በፋሲካ ጠዋት የተጠራ ሰው አልገባም ማለቱ ስድብ ነው። እኔ በአንድ እጄ ሳህን፣ በአንድ እጄ የተቀደደ ጀሪካን ይዤ፣ ሁሉንም «አብሮ ያድርሰን» እያልሁ እሮጣለሁ። ያን ጠዋት የቀየምሁት ሰው ብዛት ብዙ ሳይሆን አይቀርም።

እናቴ ደጃፍ ላይ ባለችው በርጩማ ተቀምጣለች። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ነው። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። አጠገቧ ሌላ በርጩማ ላይ ሁለት ኩባያ ተልባ፣ ሁለቱም ክዳን ተደርጎባቸው ተቀምጠዋል፤ በጾም የከረመ ሆድ መጀመሪያ ተልባ ነው የሚቀምሰው። ጎረቤታችን ከጎኗ ቆመው ነበር።

«ኧረ ተቆጣት!» አሉኝ ገና ከሩቅ። «ዶሮ ከጮኸ ጀምሮ ስለምናት ነው። ድንጋይ ናት!»

እናቴ አልተነሣችም። መጀመሪያ ያየችው ራሴን ነው፤ ቄጤማው ጠውልጎ እንደታሰረ ነበር።

«መጣህ» አለች።

«እምዬ፣ ድፍድፉ...»

«እጅህን ታጠብ።»

ታጠብሁ። ሳህኑን ፈታሁ። እንጀራውን ስቆርስ ወጡ በጣቴ መካከል ፈሰሰ። አጎረስኋት። ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አላመጠች። ምን ልትል ነው ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«ያባትህ ትልቅ ነበር» አለች።

ጎረቤታችን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ እንደገና ቆረስሁ፤ አሁን ሙሉ እጄን። ዓይኗ ፈጠጠ። ራሷን ነቀነቀች፤ ይኸ ነው ማለቷ ነበር። ከዚያ እሷ አጎረሰችኝ፤ ከዚያ ተልባውን ጠጣን።

ሆዷ ሲረጋ የመንገዱን ነገር ነገርኋት። የረዳቱን፣ የሴትዮዋን ከንፈር፣ የመሪጌታን ፍርድ። ዶሮዋ ፈሰከች ስላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከኅዳር ወዲህ ፊቷ ሲስቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ስትጨርስ ጀሪካኑን አምጣ አለችኝ። ስንጥቁን በቢላ አስፋችው፤ ከሥሩ የቀረውን በእጇ ጠርጋ እንስራ ውስጥ ከተተች፤ ውኃ ጨመረችበት። በማግሥቱ ሐዘንተኛ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ሁሉ ቀዳች። ቅራሪ ነበር፤ እንዲያውም ቅራሪ ለማለትም ይቀጥናል፤ የዝናብ ውኃ ይመስላል። ሰው ሁሉ ግን ጠጥቶ፣ «የየሽ እጅ መች ይጠፋል!» እያለ ወጣ። እናቴም አመነቻቸው፤ ወይም እንዳመነች ሆነች።

ወደ ማርቆስ ስመለስ ቃል አስገባኋት። «ሁለተኛ እኔን ብለሽ ሳትበይ እንዳትቆዪ።»

«እሽ» አለች። «አንተም መንገድ ላይ የሰጡህን ብላ።»

«እሽ» አልሁ።

ይኸን እያሰብሁ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። አሁን የራሷ ስልክ አላት፤ ጉብታ መውጣት ቀርቷል።

«የት ደረስህ?»

«ገና ፍኖተ ሰላም ነኝ። መኪና የለም።»

«ቀስ ብለህ ና፤ መንገድ ላይ እንዳትጨነቅ። እኔ እንደሁ ዶሮ ሲጮህ ፈስኬአለሁ። ጠግቤ ቁጭ ብያለሁ።»

«እኔም ፈስኬአለሁ፣ እምዬ። አከራዮቼ ጋ በላሁ።»

«ጎሽ።»

በየዓመቱ፣ በዘገየሁ ቁጥር፣ እንዲህ እንባባላለን። ሰው በበዓል መንገድ ላይ እንዳይጨነቅ በጊዜ ውጣ፣ አስቀድመህ ተዘጋጅ ይባላል። ደግ ምክር ነው፤ እኔ ግን ዲሽ ይዤ ጣሪያ ላይ የምውል ሰው በጊዜ መውጣት አልሆነልኝም። የቻልሁት አንድ ነገር ነው፤ ረዳቱ በሩን ሳይዘጋ ያለኝን መናገር። እሱም ቢሆን ዛሬም ይከብደኛል።

ከወዲያ በኩል «ጭስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎረምሳው ፕላስተሩን ልጦ ክዳኑን አላልቶታል። ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። ወዲያው አንድ ሚኒባስ በበሩ ታጠፈ፤ ረዳቱ ባዶ ግቢ ውስጥም ቢሆን ይጮሃል። «ቡሬ! ቡሬ!» ልጁ ጀሪካኑን አቅፎ ቀደመኝ። «ፊት ነው የማስቀምጠው፤ ድፍድፍ ነው፤ ይተነፍሳል» ሲለው ሰማሁ። ረዳቱ «አስቀምጣ፣ ማን ከለከለህ?» አለው።

ከልጁ ኋላ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሆዴ ይጮሃል። ቤት ስደርስ በርጩማው ደጃፍ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በላዩ ሁለት ኩባያ ተልባ፣ ሁለቱም ሙሉ።